«ላፕቶፔን ወደ ፋብሪካው ልመልሰው ወይስ ፎርማት ላስደርገው?»

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ያገለገለ የኤችፒ ላፕቶፕ ነው፤ ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ከተከፈተ በኋላ ለሥራ እስኪዘጋጅ አምስት ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ደንበኛ ፍላሽ ሲሰካ ፋይሎቹ ሾርትከት ይሆናሉ። ጎረቤቴ ‹ወደ ፋብሪካው መልሰው፣ እንደ አዲስ ይሆናል፣ ፋይልህም አይጠፋም› ይለኛል። ጥገና ቤት ስጠይቅ ደግሞ ‹ፎርማት ነው የሚያስፈልገው› አሉኝ። ሲ ድራይቭ ላይ የፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም) ሒሳብና የጽሕፈት ፋይሎቼ፣ ዲ ድራይቭ ላይ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ሁለቱ አንድ ናቸው? ዲ ይተርፋል? ዊንዶውሱስ ቁልፍ ይጠይቀኛል?»

ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ፋይልህ አይጠፋም» የተባለው እውነት የሚሆነው በከፊል ነው፤ የፒችትሪ ሒሳብዎ ደግሞ ከሚጠፉት ወገን ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ሳይመረመር ፎርማት ማዘዝም ትክክል አይደለም። የዘረዘሯቸው ምልክቶች የሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ሊያጸዳው ይችላል። ዝግታውን ግን እንዲህ ባለ ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያድነውም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል የተሻለ መስሎ ይቆይና ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። «ፎርማት» እየተባሉ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ሥራዎች አሉ። አንደኛው ዊንዶውስ ውስጥ ያለው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግስ ተከፍቶ በ«አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ስር፣ «ሪከቨሪ» በሚለው ውስጥ ይገኛል፤ ዊንዶውስ 11 ላይ በ«ሲስተም» ስር ነው። ፓስዎርድ ከሚጠየቅበት ገጽ ማለፍ ካልተቻለ፣ እዚያው ገጽ ላይ ሺፍትን ተጭኖ ይዞ «ሪስታርት»ን መንካትና «ትራብልሹት» ውስጥ መግባት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ሥራ ኮምፒውተሩን ወደ ተገዛበት ቀን አይመልሰውም። አሁን የተጫነውን የዊንዶውስ ስሪት አፍርሶ ያንኑ ስሪት እንደገና ያቆማል። ላፕቶፑ ከፋብሪካ የወጣው በዊንዶውስ 8.1 ቢሆን እንኳ ሪሴት ሲደረግ የሚመጣው ዊንዶውስ 10 ነው።

ሁለተኛው እውነተኛው የፋብሪካ መመለሻ ነው። አምራቹ በዲስኩ ላይ በደበቀው ክፋይ ውስጥ ያስቀመጠው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ከነድራይቨሮቹ (የማሽኑን ክፍሎች ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች ጋር) ይመለሳል። ኤችፒ ላይ ማሽኑ እንደበራ ኤፍ11ን ደጋግሞ በመጫን ይገባል፤ ኤሰር ላይ ኦልት ከኤፍ10 ጋር፣ ሌኖቮ ላይ ደግሞ በጎን በኩል ባለችው ትንሽ «ኖቮ» ቁልፍ። ይህ መንገድ ለእርስዎ አደገኛ ነው። የፋብሪካ መመለሻ ዲስኩን ሲወጣ ወደነበረበት አከፋፈል ስለሚመልሰው በኋላ የተፈጠረውን ዲን ጨምሮ ሊያጠፋ ይችላል። ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ይህ ክፋይ ብዙ ጊዜ የለም፤ ቀድሞ ፎርማት ያደረገው ባለሙያ ቦታ ለማስለቀቅ ደምስሶታል። በዚህ ጊዜ ኤፍ11ን ቢጫኑ የሚመጣው የዊንዶውሱ የራሱ ሪሴት ነው፣ ወይም ምንም አይመጣም።

ሦስተኛው ጥገና ቤቶች ፎርማት የሚሉት ነው፤ ከፍላሽ ተነሥቶ ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን ከዜሮ መጫን። ዲ መትረፍ አለመትረፉ እዚህ በአንድ ጠቅታ ይወሰናል። የዲስኩ ክፋዮች ተዘርዝረው በሚታዩበት ገጽ ላይ ሲን ብቻ መርጦ ያጠፋ ሰው ዲን አይነካውም፤ ሁሉንም «ዲሊት» እያለ አንድ ባዶ ቦታ ያደረገ ግን ዲንም ወስዷል። ያ ገጽ ሲ ወይም ዲ የሚል ፊደል አያሳይም፤ «ፓርቲሽን 1፣ ፓርቲሽን 2» እያለ መጠናቸውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር የሲና የዲ መጠን በወረቀት ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ሪሴት ሲጀመር ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» እና «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ»። ጎረቤትዎ ያሉት የመጀመሪያውን ነው። እሱ የሚጠብቀው ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ በመሳሰሉት ፎልደሮች ውስጥ ያለውን ነው። የተጫኑ ፕሮግራሞች በሙሉ ይጠፋሉ፤ ፕሮግራሞች በራሳቸው ፎልደር ውስጥ ያስቀመጡት መረጃም አብሮ ይሄዳል። ፒችትሪ የድርጅትዎን ሒሳብ ዶክዩመንትስ ውስጥ አያስቀምጥም፤ በተጫነበት አካባቢ፣ የራሱ በሆነ ፎልደር ነው የሚይዘው። እንደ ስሪቱና እንደ አጫጫኑ ሊተርፍም ሊጠፋም ይችላል፤ በዕድል ላይ ደግሞ የዓመት ሒሳብ አይጣልም። ፒችትሪን ከፍተው ፋይል ከሚለው ውስጥ «ባክ አፕ» ያድርጉ። አንድ ፋይል ይወጣልዎታል፤ እሱን ከላፕቶፑ ውጭ ያስቀምጡት። የፒችትሪውን ስሪትም ይጻፉት፤ ባክ አፑ ከተሠራበት በቀደመ ስሪት ላይ አይመለስም። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጧቸው ፓስዎርዶችም በ«ኪፕ ማይ ፋይልስ» አይተርፉም፤ በጎግል አካውንት ካልተመሳሰሉ አስቀድመው ያውጧቸው።

ለጽሕፈት ቤት ሌላም ብዙዎች የማያስቡት ጉዳት አለ፤ ፎንት። በድሮ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች በእውነቱ የአማርኛ ፊደል አልያዙም። የያዙት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው፤ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚያሳያቸው። ፎንቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ በሁለቱም የሪሴት ዓይነት ይጠፋሉ። በማግስቱ የደንበኛውን ውል ሲከፍቱ ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ነጥብ ተዘባርቆ ያገኙታል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፎንቱ ሲመለስ ይስተካከላል፤ ፎንቱ ግን ከየት ይምጣ? ስለዚህ በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ «ፎንትስ» ከሚለው ፎልደር የጫኗቸውን የአማርኛ ፎንቶች በሙሉ አስቀድመው ይቅዱ፤ የፓወር ግዕዝን መጫኛም ያፈላልጉ።

በዩኒኮድ (እውነተኛውን የአማርኛ ፊደል በሚይዘው አሠራር) የተጻፉትም ቢሆኑ ጣጣ አላቸው። ናይላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ከዊንዶውሱ ጋር ተጭኖ አይመጣም፤ ለብቻው የሚጨመር ነው። እሱ ሳይኖር በናይላ የተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ ሲከፈት ዎርድ በሌላ ፎንት ይተካዋል። ፊደሉ ይነበባል፤ ነገር ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮቹ ይገፋፋሉ፣ ምዕራፉ ወደ ሌላ ገጽ ይሻገራል፣ ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ከውስጡ ጋር አይገጥምም። ተማሪው ሳያይ አስጠርዞ ሊያስገባው ይችላል። ከሪሴት በኋላ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተው «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጨምሩ፤ ከዚያ በፊት የማንንም ጽሑፍ አያትሙ።

«ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» የሚለው ደግሞ ዊንዶውስ ያለበትን ድራይቭ ሙሉ በሙሉ ያጸዳል። ዲን የሚነካው ሁሉም ድራይቮች እንዲጸዱ ካዘዙት ብቻ ነው። «ቼንጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍተው የሌሎች ድራይቮች ፋይል አይጥፋ የሚለው መመረጡን ሳያረጋግጡ አይቀጥሉ። እግረ መንገዴን ልናገር፤ ዲ መጠባበቂያ አይደለም። ሲና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፋዮች ናቸው፤ ዲስኩ የሞተ ቀን ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ከዲ ሌላ ቦታ ከሌለ ቅጂ የለውም ማለት ነው።

ዝግታው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማሽኑ መቼ እንደሚዘገይ ይመልከቱ። ገና ሲነሣ ጀምሮ የሚጎተት ከሆነ ዲስኩ ነው የሚጠረጠረው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፣ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ዲስኩን ይዩ። 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ፣ የሚያነበውና የሚጽፈው ግን በሰከንድ አንድ ሁለት ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ ዊንዶውስ 10 ከዲስኩ ፍጥነት በላይ እየጠየቀው ነው፤ ወይም ዲስኩ ራሱ እየደከመ ነው። ሁለቱን ለመለየት ኤችፒ ላይ ሲበራ ኤፍ2ን ይጫኑና የሃርድ ዲስክ ምርመራውን ያስኪዱ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ጥሩ ነው፤ «ጉድ» ካለ ደህና ነው፣ «ኮሽን» ካለ ግን 05 እና ሲ5 የሚሉትን መስመሮች ይመልከቱ። እነሱ የተበላሹና ሊነበቡ ያስቸገሩ የዲስክ ቦታዎችን ይቆጥራሉ። ዜሮ ካልሆኑ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ሪሴትም ፎርማትም አያድርጉ። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ሰዓታት የሚፈጅ ሪሴት ወይም ፎርማት ማስኬድ የቀረውን ዕድሜ ይጨርሰዋል፤ መጀመሪያ ፋይሎቹ ይውጡ።

ሲነሣ ደህና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚዘገይ ከሆነ፣ ማራገቢያውም የሚጮኽ ከሆነ፣ ችግሩ ሙቀት ነው። የፎቶ ኮፒ ቤት የወረቀት ብናኝና የቶነር ዱቄት በላፕቶፕ ማራገቢያና በሙቀት ማውጫው መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ አየር ይዘጋል። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት ይህ ይብሳል። መፍትሔው ማጽዳትና የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት መለወጥ ነው፤ ሪሴት ለዚህ ምንም አይሠራም። ብሮውዘር፣ ዎርድና ፒችትሪ አብረው ሲከፈቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ራሙ ነው የጠበበው፤ 4 ጊጋ ለዚህ ሥራ ያንሳል።

ስለ ቫይረሱ። ፍላሹ ላይ ያሉት ፋይሎች አልጠፉም፤ ተደብቀው በቦታቸው ሾርትከት ተቀምጧል። ሾርትከቱን የነካ ሁሉ ፋይሉም ይከፈትለታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል፤ ለዚህ ነው ሳይታወቅ የሚዛመተው። ሪሴት ሲ ላይ ያለውን ያጸዳዋል። ዲ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ካለ ግን በማግስቱ አንድ ጠቅታ በቂ ነው፣ የደንበኞች ፍላሽም በየቀኑ አዲስ ያመጣል። «ፎርማት አስደርጌ ቫይረሱ ተመለሰ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ የተደበቁ ፋይሎችና የፋይል ስም መጨረሻዎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት ያንሱ። መጠባበቂያ ሲቀዱ ሰነድ፣ ፎቶና ፒዲኤፍ ብቻ ይውሰዱ፤ ኢኤክስኢ፣ ቪቢኤስ ወይም ኤልኤንኬ ብለው የሚያልቁትን ይተዉ። የዊንዶውስ ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን»ም አለ፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚመረምር ቫይረሱ ለመደበቅ ዕድል አያገኝም፣ የሚፈጀውም 15 ደቂቃ ያህል ነው።

ቁልፍ ይጠይቃል ወይ ላሉት፤ ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ ከዊንዶውስ ጋር የተሸጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈ ነው። ዲስክ ቢቀየር፣ ፎርማት ቢደረግ አይጠፋም፤ መጫኛው ራሱ ያነበዋል። የሚጠፋው ማዘርቦርዱ ሲቀየር ነው። ነገር ግን ያገለገለ ማሽን ስለሆነ «አክቲቬሽን» የሚለውን ገጽ አሁኑኑ ይዩ። «ዲጂታል ላይሰንስ» ካለ ጨርሰዋል። በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት ነቅቷል የሚል ከሆነ ግን፣ የግል ላፕቶፕ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱ በክራክ (ያለ ፈቃድ በሚያነቃ ፕሮግራም) መንቃቱን ያሳያል። እንዲህ ያለውን ሪሴት ሲያደርጉት ክራኩ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሰው ተደናግጦ ሌላ ክራክ ያስጭናል፤ ብዙ ቫይረስ የሚገባውም በዚያ በር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቁልፍ የሆም ስሪት ሆኖ ጥገና ቤት ፕሮ ጭኖበት የነበረ ማሽን ብዙ ነው። ሪሴት ፕሮውን እንዳለ ይመልሰዋል፤ ከማይክሮሶፍት ከወረደ መጫኛ ከዜሮ ሲጫን ግን መጫኛው ቁልፉን አንብቦ ሆምን ይጭናል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝም በሕጋዊ መንገድ ይነቃል።

መብራትና ኢንተርኔትን በተመለከተ። ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ ሪሴት ሁለት ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ «ክሊን ዳታ» (ፋይሎቹ ዳግም እንዳይገኙ አድርጎ የሚያጸዳው ምርጫ) ከተጨመረ ከዚያም በላይ። ቁጥሩ 60 ምናምን በመቶ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ቢቆይ የዲስኩ መብራት ብልጭ እስካለ ድረስ አይንኩት፤ በዚህ ሰዓት ኃይል ከተቋረጠ ዊንዶውሱ የማይነሣ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ባትሪውን አስቀድመው ይፈትኑት፤ ሞልተው ገመዱን ይንቀሉና 20 ደቂቃ ይሥሩበት። ያን ካልቻለ ዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር ሳይኖር አይጀምሩ። በክረምት ከሆነ ጠዋት ይጀምሩት፤ ነጎድጓድ ሲመጣ መብራቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። «ክላውድ ዳውንሎድ» እና «ሎካል ሪኢንስቶል» ከሚሉት ደግሞ የመጀመሪያው ከ4 ጊጋ በላይ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ በሞባይል ፓኬጅ ላይ ከባድ ነው። ሁለተኛው ምንም አያወርድም፤ ነገር ግን የሚጠቀመው እዚያው ዲስክ ላይ ያሉትን የሲስተም ፋይሎች ስለሆነ እነሱ ከተበላሹ «ሪሴት ማድረግ አልተቻለም፣ ምንም ለውጥ አልተደረገም» የሚል መልእክት ሰጥቶ ይመለሳል። ይህ ሲመጣ ደጋግሞ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ወደ ፍላሽ ይሂዱ።

እንግዲህ ለእርስዎ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ሪሴትም አያድርጉ፣ ያለውንም ዲስክ ፎርማት አያስደርጉ። 240 ወይም 256 ጊጋ የሆነ፣ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይግዙ፤ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ይሁን። ከእሱ ጋር ሃርድ ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ መያዣ ይግዙ። አሮጌው ዲስክ ይወጣል፣ ኤስኤስዲው በቦታው ይገባል፣ ንጹሕ ዊንዶውስ ይጫንበታል። አሮጌው ዲስክ ሲና ዲ እንዳሉ ሳይነኩ በመያዣው ውስጥ ይቀመጣል። የረሱት ፋይል ቢኖር እዚያው ነው፤ ፎርማት ያልተደረገ ዲስክን የሚያህል መጠባበቂያ የለም። ለመነሣት አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማሽን በኤስኤስዲ ከአንድ ደቂቃ በታች ሊነሣ ይችላል፤ የዲስክ ለውጥ ለዚህ ላፕቶፕ የሚያደርገውን ሌላ ምንም አያደርግለትም። ገንዘብ ከተረፈ ራሙን ወደ 8 ጊጋ ያሳድጉ። የስድስተኛ ትውልድ ማሽኖች አብዛኞቹ ዲዲአር4 ይወስዳሉ፣ ዲዲአር3ኤል የሚወስዱም አሉ፤ ስለዚህ ያለውን ራም አውጥተው ሳያነቡ አይግዙ። ሽፋኑ ሲከፈት ማራገቢያውም በዚያው ይጽዳ።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ፒችትሪ ባክ አፕ ይደረግ፣ ፎንቶቹና የፓወር ግዕዝ መጫኛው ይቀዱ፤ አሮጌው ዲስክ ከወጣ በኋላ ፒችትሪን መክፈት ስለማይቻል ይህ የግድ መቅደም አለበት። የተቀዳውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ይዩት፤ ያልተከፈተ ቅጂ አልተቀዳም ብለው ይቁጠሩ። ከዚያ ቫይረስ በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር፣ ቢያንስ 8 ጊጋ በሆነ ፍላሽ ላይ፣ በማይክሮሶፍቱ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የዊንዶውስ መጫኛ ይዘጋጅ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሚወርደውም 4 ጊጋ ገደማ ነው። የላፕቶፑን የዋይፋይ ድራይቨርም ከአምራቹ ገጽ አውርደው በሌላ ፍላሽ ይያዙ።

ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፣ ገመዱ ይነቀል፣ ባትሪው ይውጣ ወይም ከውስጥ ያለው ሽቦው ይላቀቅ። ዲስኩ ከተቀየረ በኋላ ፍላሹን ሰክተው ሲያበሩ ኤፍ9ን ይጫኑና ፍላሹን ይምረጡ። ቁልፍ ሲጠየቅ «የለኝም» የሚለውን፣ የአጫጫን ዓይነት ሲመጣ «ከስተም»ን ይንኩ። ዝርዝሩ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ይታያል፤ እሱን መርጦ መቀጠል ነው፣ የሚሳሳቱበት ሌላ ክፋይ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ ፍላሹን ይንቀሉ፤ ካልነቀሉት አንዳንድ ማሽን ላይ መጫኑ ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል። ኤስኤስዲ ላይ ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው።

ዋይፋዩ ካልሠራ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተው ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) ያብሩ፤ ለአብዛኞቹ ስልኮች ድራይቨር አይጠይቅም። ወዲያውኑ ግን ግንኙነቱን «ሚተርድ» (በመጠን የሚቆጠር) ያድርጉት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ፓኬጁን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ በሚለው ያስተካክሉ። ሰዓቱ በተነሣ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት ከተመለሰ የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ አልቃለች፤ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አልከፈት የሚሉትና ዊንዶውስ አልነቃ የሚለው አንዳንዴ በዚህች ምክንያት ነው። አሮጌውን ዲስክ በዩኤስቢ ሲሰኩት ምንም ሳይከፍቱ መጀመሪያ በዲፌንደር ያስመርምሩት። የድሮ ዶክዩመንትስ ፎልደርዎን ሲከፍቱ ፈቃድ የለህም ቢልዎ «ኮንቲኒው»ን ይንኩ፣ ይከፈታል።

ሁለት ገደቦችን ልንገርዎ። ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ለዊንዶውስ 11 ከሚፈቀዱት ውስጥ የለም፤ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ ነው የሚጀምረው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው በአፕዴት ገጹ ላይ ለተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ከተመዘገቡ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይቀጥልልዎታል። ከዚያ በኋላ ይህን ማሽን ለጽሕፈትና ለኅትመት ይተዉት እንጂ የባንክ ሥራ አይሥሩበት።

ሌላው፣ ይህን የሚያነቡ አዲስ ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች እንዲያውቁት ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ ብዙ የዊንዶውስ 11 ማሽኖች ዲስካቸው በራሱ ይቆለፋል፤ ሪሴት ወይም የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) ለውጥ ሲደረግ 48 አኃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ሊጠየቅ ይችላል። ቁልፉ የሚገኘው በአካውንቱ ገጽ፣ «ዲቫይስስ» በሚለው ስር ነው። ላፕቶፑን የከፈተልዎት ሻጭ ወይም ባለሙያ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ እሱ ከሌለ ፋይሉን የሚመልስ ጥገና ቤት የለም። ማሽኑ ሳይበላሽ አሁን ይጣራ።

ኤስኤስዲውን የሚገጥምልዎት ባለሙያ ከሆነ አጠገቡ ይሁኑ፣ አሮጌውን ዲስክም ተቀብለው ይሂዱ። ውስጡ የደንበኞች ውል፣ የመታወቂያ ስካንና የተማሪ ጽሑፍ አለ፤ ለማንም የሚተው ዕቃ አይደለም። የፒችትሪው ሒሳብ በአዲሱ ላይ ተመልሶ፣ የአንድ ወር ሪፖርት ከድሮው ጋር ገጥሞ፣ ዲ ላይ የነበሩት ጽሑፎችም ወደ ሌላ ቦታ ተቀድተው እስኪያበቁ ድረስ አሮጌውን ዲስክ አያጽዱት፣ አዲስ ፋይልም አይጻፉበት።